ድስቱን እንለውጥ እንጂ ሕመምተኛውን ከገበታ አናርቅ

ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ይላል። ወደ ሰፈሩ መድኃኒት ቤት ጎራ ይልና ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይውጣል። አብዛኛውን ጊዜ የታመመው የወገቡ ጡንቻ ወይም የጀርባው አጥንት ነው፤ ኩላሊቱ ደህና ነበር። የሚጎዳው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ግፊት ወይም ስኳር ባለበት፣ ዕድሜው በገፋ፣ በተቅማጥና በትውከት የሰውነቱ ውሃ ባለቀ ሰው ላይ ደግሞ ጉዳታቸው ይበረታል።

ውሎ አድሮ ኩላሊትን የሚያደክመው በሽታ አያምም። ጠጠር ያስጮኻል፣ ኢንፌክሽን ያንቀጠቅጣል፤ ይህኛው ግን ድምፅ የለውም። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ በሽንት የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። አቅማቸው ሰፊ በመሆኑ ግማሹ ጠፍቶ እንኳ ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ እድር ይሄዳል፣ ሠርግ ላይ ይጨፍራል። እግር ሲያብጥ፣ ፊት ጠዋት ጠዋት ሲነፋ፣ ምግብ ሲያስጠላና ቆዳ ሲያሳክክ ብዙው ነገር አልፏል።

ስለዚህ ስለ ምግብ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ በቤተሰባችሁም የኩላሊት ሕመም ያለ ሁሉ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ነገር አስመርምሩ፤ በደም ክሪያቲኒን፣ በሽንት ደግሞ ፕሮቲን። ውጤቱን የያዘውን ወረቀት አትጣሉት፤ የዘንድሮው ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ኩላሊቱ መድከሙ ለተነገረውም ሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዶክተር፣ ደረጃዬ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ደረጃው ከአንድ እስከ አምስት ነው። የሚበላውና የሚጠጣው ሁሉ በዚያ መልስ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በአገራችን ለታመመ ሰው ምክር የማይሰጥ የለም፤ ምክሩም ከፍቅር የሚመጣ ነው። «ውሃ ጠጣ፣ ኩላሊትህን ይጠበው» ይሉታል። ጠጠር ላለበት ሰው ይህ መልካም ምክር ነው፤ በቀን ከሁለት ሊትር ያላነሰ ሽንት እንዲኖረው አብዝቶ መጠጣት አለበት። በማሽን የሚደረግ የኩላሊት እጥበት ላይ ላለና ሽንቱ ለቆመ ሰው ግን ያው ምክር ሳንባው ውስጥ ውሃ ሞልቶ እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሽ አሳጥሮት ድንገተኛ ክፍል ያስገባዋል። አንዱ «ሥጋ ተው» ይለዋል፣ ሌላው «ሥጋ ብላ እንጂ፣ ገረጣህ እኮ» ይለዋል። ሁለቱም ለአንዳንድ ሰው ትክክል ናቸው። እጥበት ያልጀመረ ሕመምተኛ ፕሮቲን እንዲቀንስ ይመከራል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ36 እስከ 48 ግራም ገደማ ይበቃዋል። እጥበት የጀመረው ግን ማሽኑ ራሱ ፕሮቲን ስለሚያሳጣው ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልገዋል። አንድ እንቁላል ውስጥ ያለው 6 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ እጥበት የጀመረ ሰው ያለፈውን ዓመት ምክር ይዞ ሽሮና ጎመን ብቻ እየበላ ቢከሳ፣ የከሳው በበሽታው ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ላወራ የምፈልገው ስለ ጨው ነው። ጨው ግፊትን ያንራል፣ ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል፣ የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ጨውን ማስወጣት ያቅተውና ግፊቱን መልሶ ያንረዋል። ይህን ክብ መስበር የሚቻለው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ናት። «እኛ ቤት ጨው አንወድም» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። በቃል ከመከራከር መለካት ይሻላል። አንድ ኪሎ ጨው ስትገዙ የገዛችሁበትን ቀን ማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት። አምስት አዋቂ ባለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን መቆየት አለበት። በሃያኛው ቀን ካለቀ እያንዳንዱ ሰው እጥፉን እየበላ ነው። ይህም ዳቦ ቤት የገባውን፣ ምሳ ቤት የተበላውን ሳይጨምር ነው።

ደግሞ ድስት ውስጥ የሚገባው ጨው በእጅ የተነሰነሰው ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ሽሮው ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ጨው የተጨመረበት ቤት አለ። የሾርባ ኪዩብ ከሞላ ጎደል ጨው ነው። ቆሎው በጨው ውሃ ይታሻል፤ ቡናንም በጨው የሚጠጣ አካባቢ አለ። ስለዚህ የዓመቱ በርበሬና ሽሮ በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ጨዉን ያስቀረው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታ፣ እነዚህ ሁሉ ጨው የቀነሰበትን ወጥ ያነሱታል። መጀመሪያ ላይ አልጫ አልጫ ይላል፤ ምላስ ግን በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ለግፊት ተብሎ የሚሸጠውን የጨው ምትክ ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይግዙ። ብዙውን ጊዜ የተሠራው ከፖታሲየም ነው፤ ለደከመ ኩላሊት ደግሞ እሱ ከጨውም የባሰ ነው።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ የምለው አለኝ። ሐኪም ጨው ሲከለክል ብዙ ቤት የሚያደርገው ለሕመምተኛው ለብቻው ትንሽ ድስት መጣድ ነው። አባት በአንድ ጥግ በሳህን የቀረበለትን አልጫ ይበላል፤ ሌላው መሶቡን ከቦ ቀዩን ወጥ ይበላል። ስንት ቀን ይችለዋል? ብቻውን መብላት ያልለመደ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት እጁን ወደ መሶቡ ይሰዳል፤ ማንም «ተው» ለማለት አይደፍርም። መፍትሔው የሁሉንም ድስት ጨው መቀነስ ነው። በጠረጴዛ ላይ ጨው የሚጨምር ጤነኛ ለራሱ ይጨምር። ከዚህ የሚጠቀመው ደግሞ አባት ብቻ አይደለም፤ ግፊትና ስኳር በዘር የሚወርዱ በመሆናቸው ልጆቹም ወደዚያው እየሄዱ ሊሆን ይችላል።

ሌላው አደገኛ ነገር ፖታሲየም ነው። ኩላሊት ማስወጣት ሲያቅተው ደም ውስጥ ይጠራቀምና የልብን ምት ያዛባል፤ አንዳንዴም ምንም ሳያስጠነቅቅ ልብ ያቆማል። የት እንዳለ ማወቅ የሚከብደው ጤናማ በምንላቸው ምግቦች ውስጥ ስላለ ነው። ሆስፒታል በጥየቃ ሰዓት በሩ ላይ ቁሙና የጠያቂውን ፌስታል እዩ፤ ሙዝና ብርቱካን ነው። ከጁስ ቤት ደግሞ አቮካዶ፣ ወይም ስፕሪስ በላስቲክ ተይዞ ይመጣል። አንድ መካከለኛ አቮካዶ ከአንድ ሙዝ እጥፍ ገደማ ፖታሲየም አለው። ፖታሲየሙ ከፍ ያለበትን ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ አፕል ወይም አናናስ ያዙ፤ እሱም ልከኛ ይሁን። በረመዳን ተምር፣ በየጊዜው የሚጠጣው የቲማቲም ድልህ የበዛበት ሾርባም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ድንች የሚወድ ሰው ልጦ፣ በትንንሹ ከትፎ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን ይድፋው፤ ከፖታሲየሙ ጥሩ ድርሻ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጎመንን ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ከዚያ በሽንኩርት ማቁላላት እናቶቻችን ድሮም የሚያውቁት ነው፤ የጎመኑን ውሃ ግን ለሾርባ አታስቀሩት። ይህ ሁሉ ግን በምርመራ ፖታሲየሙ ከፍ ላለበት ነው። ደረጃው ዝቅ ያለ፣ ፖታሲየሙም ደህና የሆነ ሰው ፍራፍሬ እየፈራ መኖር የለበትም።

እንጀራን የሚፈሩም አጋጥመውኛል። ጤፍ ፎስፈረስ የሚባል፣ የደከመ ኩላሊት ማስወጣት የሚያቅተው ማዕድን አለው፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ብዙው ሳይመጠጥ ያልፋል። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው ጥቁር ለስላሳ መጠጥና ሞርታዴላ ነው፤ በውስጣቸው የሚጨመረው፣ ፎስፌት የተባለው የፎስፈረስ ዓይነት ከሞላ ጎደል ሁሉም ደም ውስጥ ይገባል፤ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ሥርን ያደርቃል። እንጀራውን ብሉ፣ ለስላሳውን ተዉት።

ስለ ጾም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የዓለም የኩላሊት ቀን በየዓመቱ በፈረንጆች መጋቢት ወር ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ይውላል፤ በእኛ ዘንድ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ቆይቶ፣ እንቁላልና ሥጋ ለሁለት ወር ትቶ፣ በፋሲካ ዕለት ዶሮውንና ክትፎውን አንድ ላይ ሲበላ ሰውነቱ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች። እስልምናም ለታመመ ሰው ጾምን አቅልሏል። የነፍስ አባታችሁን ወይም የመስጊዱን ኢማም አማክሩ፤ ሐኪሙ የጻፈውን ይዛችሁ ሂዱ። በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ ግን ከቶ አይሁን።

እጥበት ላይ ላሉት አንድ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። በቀን የተፈቀደላችሁን ፈሳሽ ያህል ውሃ ጠዋት በላስቲክ ጠርሙስ ቅዱ። ቡና ስትጠጡ በስኒው ልክ ከጠርሙሱ ድፉ፤ ሻይም፣ ሾርባም፣ ጁስም፣ ቀጭን አጥሚትም እንዲሁ። ጠርሙሱ ሲያልቅ የቀኑ ድርሻ አልቋል። አፍ ሲደርቅ የሎሚ ቁራጭ መምጠጥ ወይም በውሃ ተጉመጥሙጦ መትፋት ይረዳል፤ ጨው የቀነሰ ሰውም ጥሙ ይቀንስለታል። ጠዋት ጠዋት ተመዘኑ። በብዙ አገር እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው የሚሰጠው። እኛ ዘንድ ብዙው ሰው ከገንዘብ የተነሣ በሁለት ይብቃቃል። በሁለቱ መሀል ያሉትን ቀናት የሚያሻግረው ጥንቃቄው ነው። ስለዚህ ዘመድ ወዳጅ ጉርሻ ይዞ «በሞቴ» እያለ ሲያስገድድ፣ የቤቱ ሰው ፈጥኖ ይናገርለት። ሕመምተኛው ራሱ እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ ክብር የነካ ይመስለዋል።

ለኩላሊት ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄትና ቅጠል በተመለከተ ደግሞ ባህላችንን ለመናቅ አይደለም የምናገረው። ኩላሊት የገባበትን ሁሉ የሚያጣራ አካል ነውና ያልተመጠነ ነገር ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ቤልጂየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ቅጠላ ቅጠል የወሰዱ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ወድቋል፤ ከቅጠሎቹ አንዱ አሪስቶሎኪክ አሲድ ነበረበት። የምትወስዱት ነገር ካለ ለሐኪማችሁ አትደብቁ፤ ይዛችሁት ሂዱ፣ አሳዩት።

ከእጥበት ሌላ ያለው መንገድ ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የሚለግሰው ሰው በአብዛኛው የሥጋ ዘመድ ነው፤ እሱም ግፊትና ስኳር የሌለበት፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ጤናማ የሆኑለት መሆን አለበት። ብዙ ቤት ውስጥ ለመለገስ ፈቃደኛ የሆነ ወንድም ወይም ልጅ ሲመረመር ግፊት ተገኝቶበት ይመለሳል፤ ግፊቱም እንደነበረበት ያን ቀን ነው የሚያውቀው። ስለዚህ አንድ ሰው የታመመበት ቤተሰብ በሙሉ፣ ለመለገስ ያሰበም ያላሰበም፣ በዚህ ወር ግፊቱን ይለካ፣ ሽንቱንና ደሙን ይስጥ።