ወረቀት አይደነግጥም

ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዓለም ጤና የማከብራቸው አንድ አዛውንት አሉ። የወንድማቸው ልጅ ነፍስ በማጥፋት ተከሶ ሲሟገት ከችሎት ቀርተው አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ፣ «ምስክሮቹን ጠበቃችን በየተራ ጠየቃቸው፤ አንዱ ደነገጠ፣ ሌላው ቃሉን አጠፈ። በመጨረሻ የሐኪሙ ወረቀት ተነበበ። ወረቀትን ማን ይጠይቀዋል ልጄ? አይደነግጥ፣ አያልበው!» አሉኝ። ሐኪሙስ? አልኳቸው። «አዲስ አበባ ነው፣ ሥራ በዝቶበታል አሉን።»

ስለ ፍርዱ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለመሆኑ ቃሉ ሰውን ለዓመታት ወህኒ የሚያወርድ ባለሙያ ከተከሳሹ ፊት መቆም አለበትን? ወይስ ባለበት ሆኖ በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ ቢል ይበቃል?

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ከዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉም አፍ ለአፍ ይሟገታሉ። በዚያው ዘመን ደግሞ ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተመራ ሄዶ ከቤቱ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል። ይህን የዘመኑን «ባለሙያ» እንዴት አወቅህ? ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ልብ እንበል፤ ልጁ ከደጃፍ ድረስ መጥቷል። ግፉ የሚመነጨው ካለመጠየቁ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለመስቀለኛ ጥያቄ ቦታ ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮቹን የመጠየቅ መብቱን አጸና። ይሁንና የአስከሬን ምርመራ ለብዙ ዘመን በምኒልክ ሆስፒታል ላይ ተደግፎ በኖረበት አገር፣ ጥቂት ሐኪሞች በየከተማው ችሎት ሊዳረሱ አይችሉም። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ይመጣል። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየክልሉ ያሉ ባለጉዳዮችን በ«ፕላዝማ» ማነጋገር ከጀመረ ግን ቆይቷል። ታዲያ ሐኪሙስ ለምን በዚሁ አይጠየቅም?

የላቦራቶሪ ወረቀት ይሳሳታልን? የሚል ካለ አሜሪካን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2009 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከማሳቹሴትስ በመጣ የኮኬይን ክስ፣ ሰርተፊኬት ብቻውን አይበቃም፣ መርማሪው ቀርቦ ይጠየቅ ሲል 5 ለ4 ወሰነ። በዚያው በማሳቹሴትስ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ያልመረመረችውን እንደ መረመረች አድርጋ መጻፏ ተደርሶበት በ2013 ተፈረደባት፤ በ2017 ከ21,000 በላይ ክሶች ተሰረዙ። ወረቀቶቹ ሁሉ ማኅተም ነበራቸው።

አንድ ጠበቃ ወዳጄ፣ «ውሸት የሚከብደው ሰው ሰውን ፊት ለፊት ሲያይ ነው» እያለ ይሟገተኛል። ለዓይን ምስክር እውነቱን ነው። ከባለሙያ የምንፈልገው ግን በይበልጥ መንገዱን ነው፤ ናሙናው በማን እጅ ቆየ? ቁስሉ በመውደቅ ሊመጣ አይችልምን? ይህን በመስኮትም መጠየቅ ይቻላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከቢሮው ሳይነሣ የሚመሰክር ባለሙያ ተከሳሹን የመዝገብ ቁጥር አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ካሜራው ወደ ተከሳሹም ይዙር። ሪፖርቱ አስቀድሞ ለጠበቃው ይድረስ። ባለሙያው የተቀመጠበት ክፍል በሙሉ ይታይ፣ ከጎኑ የሚያንሾካሹክ አይኑር። መብራት ቢጠፋ ቀጠሮ ይሰጥ እንጂ ወደ ወረቀቱ አይመለስ። የክሱ ዕጣ በባለሙያው ቃል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ ግን መንገዱ ቢረዝምም ራሱ ይምጣ።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ ብነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ከመስኮቱ ሆኖ ልጃችንን ያየዋል?» አሉኝ።

«ማየትማ አለበት፣ አባባ» አልኳቸው።