የጣሳው ባለቤት

ጠብ ከፍጡሩ ባሕርይ ይመነጫልን፣ ወይስ ፍጡሩ ከሚኖርበት ሁኔታ? ይህ ጥያቄ ፈላስፎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ቢኖር፣ በመምህርነት ክፍል ገብቶ የማያውቅ፣ በሰዎች ላይ ተሹሞ ያልሠራ፣ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ መድረክ ላይ ያላቆመ ሰው መሆን አለበት። መምህሩ፣ ኃላፊውና ጸሐፌ ተውኔቱ በየዕለቱ በሌላው ጠባይ ላይ ይፈርዳሉ። «ይህ ሰው በተፈጥሮው ጠበኛ ነው» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን የሚጠየቅ ሌላ ወገን አይኖርም። እኔ ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ያገኘሁት አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው።

አርዲቦ ከጎረቤቱ ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከእርሱ ከፍ ብሎ በደቡብ ወሎ ተራሮች መካከል የተኛ ውሃ ነው። ሲሞላ ትርፉ በወንዝ ወደ ታች ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቅ ግን የተቀበለውን በገጸ ምድር የሚያስወጣበት በር የለውም። ልጅ ሳለሁ ይህን ልዩነት አላስተዋልኩትም ነበር። የማውቀው፣ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ በየድንጋዩ ሥር ጥቁር ፌንጣ መኖሩን ነው፤ ያ ቀን ተደብቆ የሚውለው፣ ማታ ማታ ወንዱ ክንፉን ከክንፉ እያፋተገ ሌሊቱን በጩኸት የሚሞላው ፌንጣ።

በዚያ ዘመን አንዲት እስስት ነበረችኝ። አገራችን እስስትን አይወድም፤ ስሟ የወላዋይ ሰው መስደቢያ ነው። እኔ ግን ዓይኖቿ ለየብቻቸው ሲዞሩ፣ ምላሷም እንደ ወንጭፍ ተተኩሶ ሲመለስ ማየት ከጨዋታ ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር። እስስት የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየች ምላሷን አትዘረጋም። ስለዚህ ሃያ የሚያህሉ ጥቁር ፌንጣዎች ለቅሜ በጣሳ ከተትኩ፤ ክዳኑን በሚስማር በሳሳሁ፤ እስስቲቱንም ከመካከላቸው አኖርኩ። በማግሥቱ ቤተሰቡ ለዘመድ ሠርግ ራቅ ወዳለ መንደር ሄደ፤ የተመለስነው በሦስተኛው ቀን ነበር።

ጣሳውን ስከፍት በሕይወት የቀሩት ፌንጣዎች አምስት ነበሩ። ጥቂቱን እስስቲቱ በልታ ይሆናል፤ የሌሎቹ ግን ክንፋቸውና እግራቸው ተቆራርጦ ከሥር ተበትኗል። አሳዛኙ ነገር፣ የእስስቲቱም የጅራት ጫፍና የአንድ እግሯ ቆዳ ተግጦ መገኘቱ ነው። ለምግብነት የቀረቡት ተመጋቢዋን በልተዋታል። በንዴት ጣሳውን ዘቅዝቄ አምስቱን እየተከታተልኩ ስረግጥ አያቴ ከቤት ወጡ።

«ምን አድርገውህ ነው?»

«እርስ በርሳቸው ተበላሉ፤ እስስቴንም ነከሱብኝ። ክፉዎች ናቸው፣ እምዬ።»

«የሚበሉት ሰጥተሃቸው ነበር?»

«አይ።»

«ውሃስ?»

ዝም አልኩ።

«ታዲያ ጣሳው ውስጥ ማን ከተታቸው፣ ልጄ?»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ ወደ ቡናቸው ተመለሱ። እስስቲቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተች። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

በአውሮፓና በአሜሪካ እንሽላሊትን፣ እስስትንና መሰል ተሳቢ እንስሳትን በቤት የሚያኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ቀለብ የሚሆን ፌንጣ የሚያረቡ ትልልቅ ድርጅቶችም አሉ። ለረጅም ዘመን የሚረባው ቡናማው የቤት ፌንጣ ነበር። ይህን ፌንጣ የሚፈጅ ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሰሜን አሜሪካን እርባታዎች ሲመታ፣ አንዳንድ አርቢዎች በሌሎች ዓይነቶች ለመተካት ተገደዱ። ከእነዚህ አንዱ በአፍሪካም በሰፊው የሚገኘው፣ በክንፎቹ ሥር ሁለት ነጠብጣብ ያለው ጥቁር ፌንጣ ነው። ይህ ፌንጣ በገበያው ዘንድ «ጠበኛ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ወንዶቹ ይፋለማሉ፤ ቅርፊቱን የሚቀይረውን፣ ማለትም ገላው ለስልሶ መከላከል የማይችለውን፣ ሌሎቹ ይበሉታል፤ ተርቦ ከእንሽላሊት ጋር ያደረ እንደ ሆነም እንሽላሊቱን ይነክሳል።

አስተዋይ አርቢዎች ግን ስም በማውጣት አልተወሰኑም። እርጥበት እንዲያገኙ የካሮት ቁራጭ፣ ሥጋ ፍለጋ ወደ ወንድማቸው እንዳይዞሩ ፕሮቲን ያለው ምግብ ይሰጧቸዋል። ደካማው የሚሸሸግበት እንዲያገኝ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን በሣጥኑ ውስጥ ያቆማሉ። ቁጥራቸውን ከቦታው ጋር ያመዛዝናሉ፤ ሳይበላ የተረፈውንም ፌንጣ ከእንሽላሊቱ ቤት ያወጣሉ። ይህ ሁሉ ሲደረግ መበላላቱ ፈጽሞ ባይጠፋም በእጅጉ ይቀንሳል። ፌንጣው ያው ፌንጣ ነው፤ የተለወጠው ሣጥኑ ነው።

የአንበጣም ነገር ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1921 ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው የነፍሳት ሊቅ፣ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ተብለው የተመዘገቡ አንበጦች በእርግጥ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አስረዳ፤ ልዩነቱ አንደኛው በብቸኝነት፣ ሁለተኛው በመንጋ ያደገ መሆኑ ነው። በበረሃ አንበጣ ላይ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ደግሞ፣ ብቸኛውን አንበጣ የኋላ እግሩን ደጋግሞ መነካካት ብቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ መንጋ ጠባይ እንደሚመልሰው አሳይቷል። መጨናነቅ ጠባይን ይሠራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናትም በሰሜን አሜሪካ በብዙ ሺህ እየሆነ የሚጓዝ አንድ የፌንጣ ወገን መርምሮ፣ ጉዞውን የሚነዳው የፕሮቲንና የጨው ረኃብ መሆኑን አመለከተ። ከኋላ ያለው የፊተኛውን ሊበላ ይገሰግሳል፤ የፊተኛው እንዳይበላ ይሸሻል። ከሩቅ ሲታይ ግን ሁሉም በአንድ ዓላማ የተሰለፈ ሠራዊት ይመስላል።

እኛ በወሎ ይህን ሠራዊት እናውቀዋለን። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በአገራችን ላይ በወረደ ጊዜ፣ የወሎ ገበሬ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳና ጀሪካን እየደበደበ ለደረሰ ሰብሉ ተሟግቷል። ማሳው ላይ አንበጣ ለሰፈረበት ሰው ስለ መጨናነቅና ስለ ረኃብ መተረክ ቀልድ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መከላከል ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዘመን መንጋው እንዳይነሣ የሚሻ ሰው፣ ኩብኩባው ገና ክንፍ ሳያበቅል የት እንደ ተፈለፈለና ለምን እንደ ተሰበሰበ መጠየቅ ግዴታው ነው። መከላከልና መረዳት የሚቃረኑ አይደሉም፤ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ሁሉን በሣጥኑ ካሳበብን ተፈጥሮ የሚባል ነገር ሊቀር ነው፤ ወንዱ ፌንጣ በሜዳም ላይ ይጣላ የለምን? ጥቁሩስ ከቡናማው አይብስምን?» እውነት ነው። መንጋጋውን የሰጠው ጣሳው አይደለም። ነገር ግን በሜዳ ላይ የተሸነፈው ፌንጣ ዘሎ ይሄዳል፤ ጠቡም በዚያው ያበቃል። በጣሳ ውስጥ ተሸናፊው የሚሄድበት የለውም፤ ስለዚህ ከሽንፈት በኋላ መበላት ይከተላል። ተፈጥሮ ጠብን ይሰጣል፤ ጠቡን ወደ ሞት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ መውጫ ማጣት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ሰው ፌንጣ አይደለም። በጠባብ ቤት አድጎ፣ ተርቦ፣ ያለችውን ለባልንጀራው ያካፈለ ሰው ስንት አለ! ሁኔታው አስገደደኝ የሚለው ሁሉ ነፃ ከወጣ፣ ሁኔታውን ችሎ በጎ የሆነው ሰው ምን ዋጋ ተሰጠው? ይህንንም እቀበላለሁ። የነከሰ ሰው ስለ ንክሻው ይጠየቅ። የእኔ ክርክር ተከሳሹ ይሰናበት የሚል ሳይሆን፣ ከተከሳሹ ጎን የጣሳው ባለቤት ይቁም የሚል ነው። አያቴም ቢሆኑ ፌንጣዎቹ አልነከሱም አላሉኝም፤ ማን ከተታቸው ብቻ ነው ያሉኝ።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ጥያቄ ተያይዟል፦ አንዱን ሕይወት ለሌላው ቀለብ ማድረግ በራሱ በደል ነውን? እስስት ጤፍ አትበላም። ፌንጣ በመብላቷ የሚወቅሳት ዳኛ የለም። ሆኖም በቁጥቋጦ መካከል ፌንጣው ለመዝለል፣ እስስቲቱም ለመሳት ዕድል አላቸው። ሁለቱን በአንድ ጣሳ ያገናኘ ሰው ያንን ዕድል ከሁለቱም ወስዷል፤ በወሰደው መጠንም ባለዕዳ ሆኗል። ዕዳውም ቀለብ፣ ውሃና መሸሸጊያ ነው። ነገ የሚበላ ፍጡር እንኳ ዛሬ መራብ የለበትም። ሥልጣን የሚባለውን ነገር ትርጉም ከዚህ ባነሰ ስፍራ ሆኜ የተማርኩት አይመስለኝም።

ቻይናውያን ፌንጣን የሚያውቁት በቀለብነት ሳይሆን በተፋላሚነት ነው። በአሥራ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት የደቡብ ሶንግ መንግሥት ዋና ሹም የነበረው ጂያ ሲዳኦ ስለ ፌንጣ አያያዝ መጽሐፍ እንደ ጻፈ ይነገራል። በዚህ ውድድር የተሸነፈ ፌንጣ ለሰዓታት መዋጋት እንቢ ይላል፤ አጫዋቾቹ ግን በእጃቸው ወደ ላይ ደጋግመው እያጎኑ ወኔውን ይመልሱለታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሆፍማንና ስቲቨንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በረራ የተሸነፈን ፌንጣ ጠበኝነት በእርግጥ እንደሚቀሰቅስ በሙከራ አረጋገጡ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደነገጥኩ። ፍጡሩ ራሱ «ይበቃኛል» ብሎ ነበር፤ እንደገና ወደ አየር ያጎነው እጅ ነው በቃህን የነፈገው። በሰው መካከልስ የታከተውን ጠብ እያጎነ የሚመልስ እጅ የለምን?

እነሆ የራሴን እጅ ላሳይ። ተውኔት ከመጻፌ በፊት መምህር ነበርሁ። በአንድ ክፍል ሰማንያ ያህል ተማሪዎች፣ ለአራት አንድ መጽሐፍ፣ በሁለት ሰው ወንበር ሦስት እየተቀመጡ ይማሩ ነበር። ያ ክፍል «የተደባዳቢዎች ክፍል» የሚል ስም ነበረው፤ ስሙን ያወጣነው መምህራኑ ነን። አንድ ቀን አንድ ልጅ በመጽሐፍ ምክንያት ባልንጀራውን መትቶ ጥርሱን ሰበረ። ጉዳዩን ያየው ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በተፈጥሮው ጠበኛ ስለ ሆነ ይሰናበት» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። ስለ መጽሐፉ ቁጥር አንድ ቃል አልጻፍኩም። ልጁ ደብተሩን በክንዱ ሥር አድርጎ ከግቢው ሲወጣ በመስኮት አየሁት፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ልጁ መቀጣት ነበረበት፤ የተሰበረ ጥርስ ተሰብሯል። ነገር ግን በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ መቆም የነበረብን ሌሎች ተከሳሾች ነበርን። ጣሳውን የዘቀዘቅሁና የተረፉትን የረገጥሁ ያው ልጅ፣ ጎልምሼ፣ ተምሬ፣ ማኅተም ይዤ ተመልሼ ነበር።

ስለዚህ ለመምህሩም፣ ለኃላፊውም፣ ለኪነ ጥበብ ሰውም የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ሕዝብ «ጠበኛ ነው» ብለን ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ቀለቡ ስንት ነበር? የሚሸሸግበት ነበረው? የተሸነፈው በየት ይወጣል? ጸሐፌ ተውኔትም ሦስት ሰዎችን በዝግ ክፍል አስገብቶ፣ በሩን ራሱ ቆልፎ፣ ሲበላሉ «የሰው ባሕርይ ይህ ነው» ብሎ መጋረጃውን ከመዝጋቱ በፊት ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ ለተመልካቹ ያሳይ።

ባለፈው ዓመት ወደ አርዲቦ ሄጄ ነበር። ሲመሽ ፌንጣው በየድንጋዩ ሥር ይጮኻል። እርስ በርሱ የሚጣላም ይኖራል፤ ግን ሜዳው ሰፊ ነው። አንዱ ዝም ሲል ሌላው ራቅ ብሎ ሲጀምር ይሰማል። አንድ ሕፃን በእጁ ጣሳ ይዞ በአጠገቤ አለፈ። «ምን ይዘሃል?» አልኩት። ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ሁለት ጥቁር ፌንጣዎችና አንድ የጎመን ቅጠል። ቅጠሉን ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁትም። «ስትጨርስ ልቀቃቸው» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ።