ውኃው ሳይመረመር ዓሣው አይታከም

ልጆቼ፣ በመስታወት ገንዳ ዓሣ እያሳደግሁ ፀጉሬ ሸብቷል። «ዓሣዬ ደነዘዘብኝ፤ ከሥር ተኝቶ አልነሣ አለኝ» እያለ የመጣውን ሁሉ የምመልሰው በአንድ ቃል ነው፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ውኃውን መርምሩ።

አንድ ምሽት የልጅ ልጄ «ኒዮን ቴትራዎቹ ሞቱ!» ብላ እያለቀሰች ጠራችኝ። ዓሦቹ አልተንቀሳቀሱም፤ ሰማያዊው መስመራቸውም ደብዝዟል። እጇን ይዤ ጠዋት እንድታያቸው ነገርኋት። ሲነጋ መስመሩ አበራ፣ ዓሦቹም ዋኙ። ዓሣ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን ሳይከድን ይተኛል። ስለዚህ ዕረፍትን ከሕመም ለዩ፤ ሌሊቱን ጨለማ አድርጉለት።

በአንድ የሐምሌ ማለዳ ደግሞ ወደ ጎረቤት ተጠራሁ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ የገንዳው ማሞቂያ ቆሟል። ዓሦቹ ክንፋቸውን አጥፈው ጥግ ላይ ተኮልኩለዋል። የዓሣ ገላ የሚሞቀውም የሚበርደውም ከውኃው ጋር ነው፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይደክማል፣ ምግብ መፍጨትም ያቅተዋል። አብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሦች የሚስማማቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የገንዳውን ዙሪያ በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ ምግብም ከለከልን፤ መብራት ሲመለስ ውኃው በዝግታ ሞቀ። የቀዘቀዘን ዓሣ ለማዳን የፈላ ውኃ አትጨምሩ፤ ድንገተኛ ሙቀት ከብርዱ የባሰ ይጎዳዋል።

አንድ ወጣት ዘመዴ ገንዳ በገዛበት ዕለት ዓሦች አስገባ። ብዙም ሳይቆይ አንዳንዶቹ ከሥር ተጋደሙ፤ ሌሎቹ ከላይ ሆነው አየር ለማግኘት ይቃትታሉ። ውኃው ግን ጥርት ያለ ነበር። መጥራቱ አያታላችሁ፤ ከዓሣው ኩስና ከምግብ ትርፍ የሚወጣው አሞኒያ ለዓይን አይታይም። እሱን የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እስከዚያው ሩብ ያህሉን ውኃ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ የምትጨምሩትም ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ያደረ፣ ሙቀቱም ከገንዳው የተስተካከለ ይሁን። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አትጠቡ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ አለቅልቁት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ የአየር ፓምፕ አይጓደል።

አንድ ወዳጄ ዓሣውን ስለሚወድ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይመግበው ነበር። ሆዱ ተነፍቶ መዋኘት አቃተው። አንድ ሁለት ቀን እንዲያስጾመው መከርሁት፤ ዓሣውም ተነሣ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ ስጡ። ፍቅር ያለ ልክ ሸክም ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ዓሣው ካልተነሣ፣ ያን ጊዜ ገላውን እዩ። የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጥብ ካገኛችሁ ተባዩ የሚራባው በውኃው ውስጥ ነውና ገንዳውን በሙሉ አክሙ። አዲስ የመጣውንም ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው አቆዩት።

ልጆቼ፣ ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ ውኃው ቢከፋበት ሸሽቶ ይሄዳል፤ በገንዳ ያለው ግን መሄጃ የለውም። ውኃውን የመረጣችሁለት እናንተ ናችሁና የውኃው ዕዳ የእናንተ ነው። ከመመገባችሁ በፊት በየማለዳው ቆማችሁ እዩት።