ጋሪ ገፊው አባባና ሁለቱ መስኮቶች

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 ውስጥ፣ አንድ የጋራ ግቢ ነበረ። ከሐሙዲ መስጊድ የንጋት አዛን ሲሰማ አንድ ሽማግሌ ጀሪካኖቻቸውን በጋሪ ጭነው ይወጣሉ፤ ሰፈሩ ውሃ የሚጠጣው እሳቸው ሲወጡ ነው። ከበሩ እንዳለፉ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ በመስኮቶቹ ላሖህና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀበላሉ። ለራሳቸው የሚጎርሱት በዚያች ቅጽበት ነው።

የባሕር ጨው ብረት ይበላል። ውሎ አድሮ የበሩ ማጠፊያ ዝጎ ደረቀ፤ ከስንዝር በላይ አልከፈት አለ። አባባ በትከሻቸው እየገፉ ያቃስታሉ። አንድ ቀን በዚያ በበጋው ወላፈን ደጃፉ ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ጎረቤት በያጅ ጠራ። «ግንቡን ባፈርሰው አባባ አቧራውን አይችሉትም» አለ። የታጠፈ አዲስ የበር ክፈፍ በጠባቡ ክፍተት አሾልኮ እዚያው ዘረጋው፤ አሮጌውን መዝጊያ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። በሩ በጣት ተከፈተ። ግቢው እልል አለ።

ሻዩን የሚያቀብሉት እናት ግን ዝም አሉ። «ልጄ፣ የቀኙ መስኮት ከጠበበ ቆይቷል። ብርጭቆው አያልፍም፤ እያዘነበልኩ ሳቀብል ግማሹ ይደፋል። አሁን ደግሞ ያንተ ብረት ፊቱ ቆመ። በሩስ ቀለላቸው፤ በምን ጉልበት ይግፉ?»

በያጁ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ መስኮቱን ለካ።

አባባ ልብ ናቸው። በሩ የአኦርታ ቫልቭ ነው። መስኮቶቹ ልብን ራሱን የሚመግቡት ኮሮናሪ የደም ሥሮች ናቸው፤ ከቫልቩ በላይ ወዲያው ይነሳሉ፣ በአብዛኛው የሚሞሉትም ቫልቩ ሲዘጋ ነው። እኛ ዘንድ የቫልቭ ሕመም ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በልጅነት ጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሚመጣው ነው። ይሄኛው የእርጅና ነው፤ ካልሲየም እየተጋገረበት ቫልቩ ይደድራል። ፈረንሳዊው ሐኪም አላን ክሪቢዬ በ2002 እ.ኤ.አ. ሩዋን ከተማ ውስጥ ደረት ሳይከፍት፣ በደም ሥር በኩል በቀጭን ቱቦ (ካቴተር) አዲስ ቫልቭ ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከለ። ይህን ሕክምና ከሚያገኙት እስከ ግማሽ ያህሉ ኮሮናሪያቸውም የጠበበ ነው።

ታዲያ መስኮቱም ይስፋ? በ2021 የወጣው አክቲቬሽን የተባለ ጥናት ኮሮናሪውን ከፍቶ በሚይዝ የመረብ ቱቦ (ስቴንት) ማስፋቱ ጥቅሙ ጎልቶ አልታየውም፤ የደም መፍሰስ ግን ጨመረ። በ2024 የወጣው ኖሽን-3 ደግሞ ጥበታቸው የከፋ 455 ሰዎችን ሁለት ዓመት ገደማ ተከታተለ። ሞት፣ ሃርት አታክ ወይም አስቸኳይ የማስፋት ሕክምና የገጠማቸው ስቴንት ከገባላቸው 26 በመቶ፣ ካልገባላቸው 36 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው በተለይ የሃርት አታክና የአስቸኳይ ሕክምናው መቀነስ ነው። የደም መፍሰሱ ግን ስቴንት ከገባላቸው 28፣ ካልገባላቸው 20 በመቶ ሆነ። እንግዲህ የጠበበ ሁሉ አይሰፋም፤ ብርጭቆ የማያሳልፈውን ለይቶ ማወቅ ግን የግድ ነው።

ደግሞም ቫልቩ ከተተከለ በኋላ ካቴተሩ ወደ ኮሮናሪው የሚደርሰው በአዲሱ ቫልቭ የብረት መረብ መካከል መንገድ እየፈለገ ነው። እኚያ እናት የተናገሩት በሩ ከገባ በኋላ ነበር። የታመመው የኔ አባት ቢሆን፣ ሜትሩ ከበሩ በፊት እንዲወጣ ሐኪሙን እለምን ነበር።