የጠራውን ጠጥተን የቀረውን አናደፍርስ



ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 እረኞችን ከወቀሰ በኋላ ነገሩን ወደ በጎቹ ያዞረዋል። ብዙዎቻችን ያንን ምዕራፍ ስለ ክፉ እረኞች ብቻ እንደ ተጻፈ አድርገን እናነበዋለን፤ ስብከታችንም ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። በቁጥር 18 እና 19 ግን እግዚአብሔር የሚወቅሰው የሰቡትን በጎች ነው። ጥፋታቸው ውኃ መጠጣታቸው አይደለም። የጠራውን ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው ማደፍረሳቸው፣ ሌሎቹም በጎች ያንኑ ድፍርስ እንዲጠጡ ማድረጋቸው ነው።

ይህን ቃል አሰንዳቦ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ብዙ ትርጓሜ አያስፈልገውም። የጅማን ከተማ የሚያቋርጠው አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያም ውኃው ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤም በአሰንዳቦ አጠገብ አልፎ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደሚያመነጨው ግድብ ይወርዳል። በላይ ያለው ሰው ወደ ወንዝ የጣለው ሁሉ በታች ላለው ሰው ይደርሰዋል። ለሰው ብቻም አይደለም፤ ጉማሬውና የረግረጉ ወፍ፣ ዓሣውም ከዚሁ ውኃ ውጪ ሌላ የላቸውም።

እነሆ የእሸት ቡና ማጠቢያው ወራት ደርሷል። ቀዩ ቡና ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያም ፍሬውን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር እስኪለቅ ድረስ በብዙ ውኃ ይታጠባል። ታጥቦ የሚወጣው ውኃ ስኳርና ልጣጭ የተሞላ ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ውኃው ይኮመጥጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ዝናቡ አቁሞ ወንዙ በሚጎድልበት ጊዜ መሆኑ ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል። በጅማ አካባቢ የቡና ማጠቢያዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎች ራስ ማዞር፣ የዓይን፣ የጆሮና የቆዳ መቆጥቆጥ፣ የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና የመተንፈስ ችግር እንደሚደርስባቸው መናገራቸውን መዝግቧል። ወንዝ ዳር ያሉ እናቶች ይህን ለማወቅ ጥናቱን አልጠበቁም።

ይህ ነገር ከሃይማኖት ጋር ምን አገናኘው የሚል ወንድም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2415 ፍጥረትን የማክበር ግዴታን ያኖረው ከሰባተኛው ትእዛዝ፣ ከ«አትስረቅ» በታች ነው። እኛ በዓመት ዓመት ትእዛዛቱን ስናስተምር ስለ ከብት ሌባና ስለ ሐሰተኛ ሚዛን በሰፊው እንናገራለን፤ ወንዝ ስለሚሰርቅ ሰው ግን አንድ ቃል ሳንናገር ወደ ስምንተኛው እናልፋለን። በኅሊና ምርመራ ጊዜም ይህን የጠየቀን የለም፤ እኛም ማንንም አልጠየቅንም። ሰባተኛው ትእዛዝ ደግሞ ንስሐ ብቻ ሳይሆን ካሣም የሚጠይቅ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። የተሰረቀ በሬ ይመለሳል። የተሰረቀ ወንዝ የሚመለሰው እንዴት ነው?

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እውነቱን መናገር ይገባናል። ለማጠቢያው እሸት ቡና የሚሸጡት ምእመኖቻችን ናቸው፤ ለቀማውንና መፈልፈሉን በቀን ሙያ የሚሠሩትም ልጆቻችን ናቸው። ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ ደብተር ይገዛል፣ ጣራ ይከደናል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም አሥራት ይመጣል። ስለዚህ ዝም ብለናል። አንዳንዴም «እንጀራችንን አትዝጉብን» ያለንን ሰው ፈርተን ሳይሆን አዝነንለት ነው ዝም ያልነው። ነገር ግን ቀን ለቀማ ላይ የዋለችው ሴት ማታ እንስራዋን ይዛ የምትወርደው ወደዚያው ወንዝ ነው። ደመወዟን በአንድ እጅ ሰጥተን ውኃዋን በሌላው እጅ መውሰድ ምጽዋት ሊባል አይችልም።

ማጠቢያዎቹ ይዘጉ አንልም። የምንለው ቆሻሻው ወንዝ ሳይደርስ ይያዝ ነው፤ ይህም የማይቻል ነገር አይደለም። ከወንዙ ራቅ ብሎ የሚቆፈር ጉድጓድ ብዙውን ያስቀራል፤ ልጣጩ ተከምሮ ሲበሰብስ ለቡናው ለራሱ ማዳበሪያ ይሆናል። ቬቲቨር የሚባለውን ሣርም የአገራችን ቡና ገበሬ ያውቀዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከሃምሳ ዓመት በፊት በጅማ የእርሻ ምርምር ማዕከል በኩል ነውና። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውኃ በዚህ ሣር መካከል ቀስ ብሎ ካለፈ የተሻለ ሆኖ ይወርዳል። ጥቂት ውኃ የሚፈጁ መፈልፈያዎችም አሉ። ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጉድጓዱና ሣሩ የሚጠይቁት ግን በይበልጥ ጉልበት ነው።

ባለቤቱ ተመክሮ ካልሰማ፣ ማኅበሩም ተነግሮት ችላ ካለ፣ ጌታ በማቴዎስ 18 እንዳስተማረን ብቻውን ከመገሠጽ ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን። የመጨረሻው ደረጃ ሕግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በግሉ ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው፣ በሚበክል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ አሰንዳቦ ያለው ሰው ስለ ቦዬ ወፎች፣ ወንዝ የሌለው ስለ ወንዝ ዳር ጎረቤቱ መጮህ ይችላል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም፤ ስለ ሌላው መለመን የጸሎታችን ግማሽ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው ብለን አናታልላችሁም። ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል አንድ የባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያቀረበው ክስ ተቀባይነት አላገኘም። በሉቃስ 18 ያለችው መበለትም በመጀመሪያው ቀን አልተፈረደላትም። ከሳሽም ቢሆን ቅናተኛ ይባላል፤ ሰው ሥራ አስፈታ ይባላል። ስለዚህ አንድ ካቴኪስት ብቻውን ስሙን ጽፎ አይቁም፤ የቁምስናው ምክር ቤት፣ የሴቶች ማኅበርና ሽማግሌዎች አብረው ይፈርሙ። በዚህ ወንዝ የሚጠጡት የሙስሊምና የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም ናቸውና እነርሱም ይጠሩ።

በአቤቱታው ላይ ስድብና ግምት አይጻፍ። ውኃው የጠቆረበት ቀንና ሰዓት፣ ቦታው፣ የሞተው ዓሣ ወይም የታመመው ከብት፣ ያየውም ሰው ስም ብቻ ይጻፍ። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጥ፤ በሌላው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን ተመትቶበት በቁምስናው ይቀመጥ። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው።