ለምስክርነት የማይወጡ ጸሎቶች

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚዘልቀው መንገድ በስለተኛ ይሞላል። ልጅ ለምና ያገኘች ልጇን አዝላ፣ ከሕመም የተነሣው ጃንጥላ ይዞ፣ ንግዱ የሰመረለት ገንዘቡን ቋጥሮ ይጓዛል። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ በአዳማና በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ባሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት «ምስክርነት አለኝ» የሚል ሰው ማይክ ይቀበልና ሥራ እንዴት እንዳገኘ፣ ቪዛው እንዴት እንደተመታለት፣ ሐኪም የፈራው እባጭ እንዴት እንደጠፋ ይናገራል። በትምህርተ ሃይማኖት ብዙ የሚለያዩት እነዚህ ሁለት ምእመናን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ እግዚአብሔር አጠገባቸው መሆኑን ያወቁት ለምነውት ስለሰማቸው ነው። እኔም እግዚአብሔር ጸሎት ይሰማል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የተሰጠንን ብቻ እየቆጠርን የተነፈግነውን ካላነሣን፣ ምስክርነታችን የሚመሰክርለትን አምላክ ያሳንሳል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ የልማዱን ጥንካሬ ማየት ይገባል። ስለት ከነገሩ በፊት የሚነገር ቃል ነው። ተሳይው «ይህ ቢሆንልኝ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ራሱን ያስራል፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ «ለካ እግዚአብሔር ነበር» ከማለት ይህ እጅግ የተሻለ ጥንቃቄ ነው። ደግሞም ስለት የሚገባው የተለመነው ነገር ከተገኘ በኋላ፣ ማለትም ሰውየው መለመን በማያስፈልገው ሰዓት ነው። በሉቃስ ወንጌል ከነጹት ዐሥር ለምጻሞች ለማመስገን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር። ዐሥሩም ተፈውሰዋል፤ የፈወሳቸውን ዳግመኛ ፊት ለፊት ያገኘው ግን እሱ ብቻ ነው። ቁልቢ ድረስ የሚደክመው ስለተኛም የሚፈልገው ይህንኑ መመለስ ነው።

ተጠራጣሪው ግን ዝም አይልም፤ ዝም ማለትም የለበትም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕዝብ ሁሉ ዕድሜ የሚለምንላቸው ነገሥታት ከሌሎች ባለጸጎች ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዳልኖሩ በቁጥር ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 1,802 ሕሙማን ተከታትሎ፣ የማያውቋቸው ሰዎች የጸለዩላቸው ካልተጸለየላቸው የተሻለ ውጤት እንዳላዩ ደመደመ፤ እንዲያውም እንደሚጸለይላቸው በርግጠኝነት የተነገራቸው ላይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚከተለው ችግር በጥቂቱ በዝቶ ተገኘ። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «እግዚአብሔር አይፈተንም» የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ማምለጫ ሲሆን ግን አልቀበለውም። እኛው ራሳችን በየመድረኩ የተፈወሱትን ስንቆጥር ከርመን፣ ሌላው መቁጠር ሲጀምር «አይቆጠርም» ማለት አንችልም። ከሆስፒታል ብንወጣም ነገሩ ያው ነው። የሉሜ ጤፍ ገበሬ ዝናብ ሲለምን፣ የመቂ ቲማቲም አምራች ምርቱ እንዳይበሰብስበት ዝናቡ እንዲያልፍለት ይለምናል። ሁለቱም ቅን ናቸው፤ አንድ ደመና ሁለቱንም ሲሸፍን ግን ከሁለቱ አንዱ ሳይሰጠው ይቀራል። የጸሎት ውጤት እየተሰላ የእግዚአብሔር አብሮነት ማስረጃ ይሁን ከተባለ ማስረጃው አይቆምም።

የሚቆመው ማስረጃ በራሱ በቁልቢ በዓል ውስጥ አለ። ታኅሣሥ 19 ቀን ቤተ ክርስቲያን የምታስበው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከናቡከደነፆር እቶን ያዳነበትን ቀን ነው። እሳቱን፣ ሦስቱን ወጣቶችና ክንፉን የዘረጋውን መልአክ የሚያሳየውን ሥዕል የማያውቅ የለም። ወጣቶቹ ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉ። ይህ ሁለተኛው ቃል የእምነት ጉድለት አይደለም። እግዚአብሔርን የያዙት ከመዳናቸው በፊት እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው። በሀገራችን ከታላላቆቹ የስለት በዓላት አንዱ የቆመው፣ መልሱ ባይመጣም ብለው አስቀድመው በተናገሩ ሰዎች ታሪክ ላይ ነው።

አዳማ ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን የጀመረ ሌላ ታሪክም ወደዚሁ ይወስደናል። ከጣልያን ወረራ በኋላ የመጡት ሜኖናይት ሚስዮናውያን በከተማዋ የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ቆይተውም የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ከፈቱ። በ1950ዎቹ ከከተማዋ ተማሪዎች መካከል «ሰማያዊ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች መነቃቃት ተነሣ፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከእነዚህ ሥሮች አደገች። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ምእመናኑ ምን ብለው እንደጸለዩ መገመት አያዳግትም። የተዘጋው በር ግን ለዘጠኝ ዓመት ያህል አልተከፈተም። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በስውር ይጸልዩ ጀመር። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በነጻነት መሰብሰብ ሲቻል ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። የማኅበረሰብ አጥኚ ይህን በሌላ መንገድ ያስረዳል፤ ስደት ሰውን ያስተባብራል፣ ትንሽ ቡድን ያቀራርባል፣ የጭንቅ ዘመን ተስፋ ያስፈልጋል ይላል። ልክ ነው፤ እግዚአብሔር በእነዚህ ሁሉ በኩል አይሠራም ያለ የለም። እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚይዘኝ ጽናታቸው ነው። የለመኑት ሳይሰጣቸው ያን ሁሉ ዓመት መጸለያቸውን አላቆሙም፤ ሰው ባዶ ቤት ይህን ያህል ጊዜ አያንኳኳም።

«ያንኳኳል እንጂ» የሚል አይጠፋም። «በሩ ቢከፈትም መልስ፣ ባይከፈትም መልስ ካላችሁት፣ ምን ቢሆን ነው ተሳስተናል የምትሉት?» ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። እኔ ግን ባይከፈትም መልስ ነው አላልኩም። ያልተሰጠ አልተሰጠም። ልጇን ለቀበረች እናት «የሚሻል ነገር ይዞልሽ ይሆናል» ማለት ማጽናናት ሳይሆን አፍ ማስያዝ ነው። ከመዝሙረ ዳዊት 87ኛው፣ በሌላው አቆጣጠር 88ኛው፣ በጩኸት ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከጸሎቷ አላወጣችውም። ጌታ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ አላለፈም። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣለትም። መጠየቅ ያለበት የተነፈጉት ሰዎች በዚያ ክልከላ ውስጥ ማንን አገኙ የሚለው ነው። አብዛኞቹ ባዶነት ብቻ እንዳገኙ ቢነግሩን እምነታችን ይናጋል፤ መናጋትም ይገባዋል። አብዛኞቹ፣ እንደ ጳውሎስ፣ የለመኑትን ነገር ሳያገኙ የለመኑትን አምላክ አገኘን ካሉ ግን ከሺህ ስለት የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ስለቱ የሰመረለት ሰው ደስታው ከስጦታው ይሁን ከሰጪው ለመለየት ይቸገራል፤ ስጦታው ያልደረሰውን ሰው ግን እንዲህ የሚያደናግረው ነገር የለም።

ይህን ማስረጃ ደግሞ አንሰማም፤ ምክንያቱም ለምኖ ያላገኘ ሰው ማይክ አይሰጠውም። የደረሰለት ብቻ በሚናገርበት ጉባኤ ያልደረሰለት እምነቱ አንሶ እንደሆነ አምኖ ይቀመጣል። አንዳንዱም እምነቱን ለማሳየት መድኃኒቱን ያቋርጣል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገር ያስፈለጋቸው ይህ አደጋ እውነተኛ ስለነበረ ነው።

በአዳማ፣ በመቂም ሆነ በሻሸመኔ የምታገለግሉ ካህናትና መጋቢዎች ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ «ስለቴ ሰመረ» ካለው ቀጥሎ ለምኖ ያላገኘውን ወደ መድረክ ጋብዙት። ታሪኩን አታሳምሩለት፤ መጨረሻውንም እናንተ አትጨርሱለት። እግዚአብሔር አብሮኝ ነበር ካለ እንስማው፤ ፈልጌ አጣሁት ካለም እንስማውና አብረነው እንጸልይ።