እጅ ይሰማል፣ ገመድ አይሰማም

ገላን ላይ የፋብሪካ ሰርቪስ ማንንም አይጠብቅም። እናት ለማለዳ ፈረቃ ስትወጣ፣ አፉን ያልፈታውን፣ በሩ ከተከፈተለት አስፋልት ላይ የሚገኘውን ልጇን ማን ይያዝላት? ጎረቤቱም ወደ እንጀራው ይሮጣል። ገመዱ ከአልጋው እግር ላይ የሚታሰረው ያኔ ነው። እንዲህ ያለችውን እናት ጨካኝ አልላትም፤ ያሰረችው እንዳይሞትባት ነው። ቢሆንም በገላንም፣ በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ላላችሁ ወላጆች ምክሬ አንድ ነው፦ ገመዱ ይፈታ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ያቋቋሙት ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። በየጓዳው ተደብቀውና ታስረው ስለሚያድጉ ልጆች ሳይታክቱ ተናግረዋል፤ ኦቲዝም እርግማን እንዳልሆነም አስተምረዋል። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ይባል የለ?

ገመድ ልጁ ሲረጋጋ አይላላም፤ ቤት ቢቃጠል አይፈታም። እጅ ግን ትንፋሽ ይሰማል።

ታዲያ እጅም ያለ ዕውቀት ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ፣ በአንድ የታዳጊዎች ማቆያ፣ ሦስት ሠራተኞች ቁጭ አድርገው የያዙት የ15 ዓመት ልጅ «መተንፈስ አቃተኝ» እያለ ሞቷል። ያ አያያዝ ከዚያ በኋላ ቀርቷል።

ስለዚህ ከመያዝ በፊት ብዙ ሥራ አለ። ልጁ ሲጮህ ሰው አይሰብሰብበት፤ አንድ ሰው ብቻ፣ በዝግታ፣ በአጭር ቃል ያናግረው። ሬዲዮው ይዘጋ፤ ከሰሉና ጀበናው ይነሳ። ራሱን ከሲሚንቶው ጋር የሚያጋጭ ከሆነ ትራስ ይቅደም። ጥርሱን፣ ጆሮውን ወይም ሆዱን አሞት እንደሆነም መርምሩ፤ መናገር ያልቻለ ልጅ ሕመሙን የሚነግረን በጩኸት ነው።

መያዝ የሚገባው ልጁ ካልተያዘ ራሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ከጎን ያዙት። በሆዱ አታስተኙት፤ አትቀመጡበት፤ አንገቱን፣ ደረቱንና ሆዱን አትጫኑ፤ ክንዱን አትጠምዝዙ። ከያዦቹ ሌላ አንድ ሰው ፊቱንና ትንፋሹን ይከታተል። «አልቻልኩም» ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው ልቀቁት። «ካወራማ ይተነፍሳል» አትበሉ። ሲረጋጋም ውኃ እንጂ ቁጣ አትስጡት።

የሚጥል በሽታ ሲነሳበት ደግሞ ጨርሶ አትያዙት፤ ክብሪት አታሽቱት፤ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ። በጎኑ አስተኝታችሁ ጭንቅላቱን ከልሉለት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ሩጡ።

መምህራንና ተንከባካቢዎች ሆይ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። መያዝ ቅጣት ሆኖ ከተገኘ ሕጉ ተጥሷል። በያዛችሁ ቁጥር ለምንና ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ጻፉ፤ ለወላጅም በዚያው ቀን ንገሩ።

እናቲቱን «ፍቺው» ብሎ መሄድ ግን ምክር አይባልም። የግቢው ተከራዮች ተራ ግቡላት፤ እድሩ ለቀብር ብቻ አይሰብሰብ፤ የፋብሪካው አለቃም ፈረቃዋን ከባሏ ወይም ከእህቷ ፈረቃ ጋር ያፈራርቅላት። ልጁን የሚጠብቅ ሰው የተገኘ ዕለት ያ ገመድ ግቢው ውስጥ ልብስ ይሰጣበታል።